ለሐረር ጀጎል ከደሴቶች የምንማረው ምንድን ነው? ጎብኚ፣ ውሃና ነዋሪ በአንድ ግንብ ውስጥ

የጀጎል አስጎብኚ (ሐረር)፦ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በግንብ በታጠረው ጥንታዊ የሐረር ክፍል፣ በጀጎል ውስጥ፣ በአስጎብኚነት ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ወር ማኅበራችን ለሚመለከታቸው አካላት የሚቀርብ የሐሳብ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ኃላፊነት ሰጥቶኛል፤ ጉዳዩም ጎብኚ በበዛ ቁጥር ቅርሱ ሳይጎዳ፣ አካባቢው ሳይቆሽሽ፣ በውስጡ የሚኖረውም ሰው ሳይማረር ሥራችን እንዴት ሊቀጥል ይችላል የሚል ነው። እንጀራዬ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ተወልጄ ያደግሁበት ሰፈር ስለሆነም ጉዳዩን በጥንቃቄ ልይዘው እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ሌሎች ጥንታዊ ከተሞች ሳነብ ቆየሁ፤ ኋላ ግን ለእኛ ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርበው የደሴቶች ተሞክሮ ሆኖ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል ስፋቱ 48 ሔክታር ብቻ ሲሆን፣ በዚህች ጠባብ ስፍራ 82 መስጊዶች፣ ከ100 የሚበልጡ የዚያራ (የቅዱሳን መቃብር ጉብኝት) ቦታዎች፣ ገበያውና የሺዎች መኖሪያ ተጠጋግተው ይገኛሉ። ደሴት በውሃ እንደሚታጠር እኛም በግንብ ታጥረናል፤ ወደ ጎን መስፋት አንችልም፣ የምንጠጣው ውሃ ከውጭ ይመጣል፣ ቆሻሻችንም በበሮቹ ተጭኖ ካልወጣ እዚያው ከእኛ ጋር ይቀራል።

ይህን ሐሳብ በውስጤ የቀሰቀሰው አንድ ቀን ያየሁት ነገር ነው። 23 ሰዎች ያሉበት ቡድን እየመራሁ መኪና ግርግር ከሚባለው መንገድ ወደ ውስጥ በሚያስገባ አንድ ጠባብ መንገድ ስንሄድ፣ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ውሃ የያዙ እናት ከፊታችን መጡ። መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ስለሆነ ጀሪካኖቹን አስቀምጠው ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቆሙ። ሃያ ሦስቱም እስኪያልፉ ጠበቁ። ብዙዎቹ በፈገግታ ሰላም አሏቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ሳያስፈቅዱ ፎቶ አነሷቸው። እኔ ከፊት ስለነበርኩ ዞሬ ያየሁት መጨረሻ ላይ ነው። ማንም ክፉ ነገር አላደረገም፤ ነገር ግን በራሳቸው ደጅ መንገድ የለቀቁት እርሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ጉብኝት የተገኘው ገንዘብ ደግሞ በእጃቸው አልገባም።

ካነበብኩት ውስጥ ሦስት አካሄዶች ጎልተው ታይተውኛል። የኢኳዶር ግዛት በሆኑት የጋላፓጎስ ደሴቶች ከየብሱ 97 በመቶ የሚሆነው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ወደ አብዛኞቹ የጉብኝት ቦታዎች ያለ ፈቃድ ባለው አስጎብኚ መግባት አይቻልም፣ አንድ አስጎብኚም ከ16 ሰው በላይ አይመራም፤ የመግቢያ ክፍያውም እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ ለአብዛኛው የውጭ ጎብኚ ከ100 ወደ 200 ዶላር ከፍ ብሏል። ፊሊፒንስ ደግሞ ቦራካይ የተባለችውን ደሴት፣ የሆቴሎች ፍሳሽ በቀጥታ ወደ ባሕር እየገባ በማስቸገሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ለስድስት ወር ለጎብኚ ዘግታ፣ ስትከፍት በአንድ ጊዜ ከ19,215 ጎብኚ በላይ እንዳይኖር ወሰነች። ሦስተኛዋ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው የደሴቶች አገር ፓላው ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ወደ አገሪቱ የሚገባ ሰው አካባቢውን ላለመጉዳት በፓስፖርቱ ላይ በሚመታ ማኅተም ሥር ይፈርማል፤ ቃሉን የሚገባውም ለፓላው ልጆች ነው።

እንግዲህ ቁጥር ከመገደብ፣ ክፍያ ከመጨመር፣ ለጊዜው ከመዝጋትና ቃል ከማስገባት ለጀጎል የሚስማማው የትኛው ይመስላችኋል? በደሴት ላይ የኖረ ወይም የሠራ ሰው ካለ ያየውን ቢያካፍለኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)፦ መልስ

ሰላም ወንድሜ። እኔ አራት ዓመት በዛንዚባር በሆቴል ወጥ ቤት ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ የምነግርህ ከወጥ ቤቱ በኩል ያየሁትን ነው።

ከዛንዚባር ከተማ ብዙም ሳይርቅ ቹምቤ የምትባል ትንሽ የኮራል ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በጥብቅ ስፍራነት የምትተዳደር ስትሆን፣ እንግዳ የሚያድርባቸው ጎጆዎች ሰባት ብቻ ናቸው። በደሴቲቱ ላይ የሚጠጣ ምንጭ ስለሌለ ጎጆዎቹ ሲሠሩ ጣሪያቸው የዝናብ ውሃ እንዲሰበስብ ተደርጎ ከወለሉ ሥር ባለ ጉድጓድ ይጠራቀማል፤ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ አይጠቀምም፣ ቆሻሻው ወደ ብስባሽነት ይለወጣል፤ መብራቱም ከፀሐይ ነው። የኮራሉ ጠባቂዎች ቀድሞ በዚያው ባሕር ዓሣ ያጠምዱ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የዛንዚባር ተማሪዎችም ወደዚያ እየተወሰዱ የገዛ ባሕራቸውን ከውስጥ እንዲያዩ ይደረጋል። እኔን የገረመኝ የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው፤ የውሃው ነገር ኋላ የተፈለገ ሳይሆን ጎጆዎቹ ሲሠሩ አብሮ የታሰበ ነው።

በዚያው በዛንዚባር ዋና ደሴት ዳርቻ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። አልጋው አስቀድሞ ይሠራል፣ ውሃው በኋላ ይፈለጋል። አንድ የባሕር ዳር ሆቴል ለመዋኛ ገንዳ፣ ለሣሩና ለአንሶላ እጥበት የሚያፈሰው ውሃ ከአንድ የመንደር ቤተሰብ ፍጆታ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ጥልቅ ጉድጓድ እየተቆፈረ በብዛት ሲሳብ ደግሞ የባሕሩ ውሃ ከሥር እየገባ የመንደሩን ጉድጓድ ጨው ጨው ያሰኘዋል። እኔ በሠራሁበት ቤት ከሰዓት በኋላ የወጥ ቤቱን የኋላ በር ስንከፍት የመንደሩ ሴቶች ባልዲ ይዘው ተሰልፈው እናገኛቸው ነበር። እኛ ሰላጣ በሦስት ውሃ እያጠብን በቦዩ እንለቅ ነበርና ያ ሰልፍ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ አንተ ከዘረዘርካቸው አራቱም በፊት የሚቀድም ጥያቄ ያለ ይመስለኛል። ሐረር በተለይ ይህን ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። የሐረማያ ሐይቅ ለከተማዋ ውሃ ሲሰጥ ኖሮ፣ ለጫትና ለአትክልት በሞተር እየተሳበ፣ ከተራቆቱት ኮረብታዎችም ደለል እየሞላው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሲደርቅ፣ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ በቧንቧ ወደ ላይ እየተገፋ እንዲመጣ ግድ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሐይቁ እንደገና ውሃ መያዙ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም በጀጎል ውስጥ አዲስ የእንግዳ ማረፊያ ፈቃድ ሲጠየቅ "ውሃው ከየት ይመጣል፣ ፍሳሹስ የት ይሄዳል?" ተብሎ ካልተጠየቀ፣ የጎብኚውን ቁጥር በወረቀት ላይ መገደቡ ብዙ የሚፈይድ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የዛንዚባር ድንጋይ ከተማ ብዙ ጥንታዊ ቤቶች ሆቴል ሆነዋል። ቤቶቹ ከመፍረስ ድነዋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በአንዳንዱ ቅያስ ማታ ስትሄድ የምትሰማው የሕፃን ድምፅ ሳይሆን የሻንጣ ጎማ ድምፅ ነው። በጀጎል በየሰፈሩ ከስንት ቤት ስንቱ የእንግዳ ማረፊያ ሊሆን ይችላል የሚለው ከአሁኑ ቢወሰን ጥሩ ነው።

የፈላና በር ነዋሪ (ሐረር)፦ መልስ

ልጄ፣ ስለ ጀሪካኗ እናት የጻፍከውን ደግሜ ነው ያነበብኩት። እኔም ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ከእናቴ በወረስኩት ጌ ጋር፣ በባህላዊው የሐረሪ ቤት ውስጥ ነው። እርሷ ባትሆን እኔ ልሆን እችል ነበር።

ወደ ቤቴ እንግዳ መምጣቱን አልጠላም። ቀዩን ወለልና ነደባውን (ከፍ ብሎ የተሠራውን መቀመጫ) አይቶ ሲደነቅ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደረውን ስፌት ማን እንደሠራው ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል፤ አንዱን ስፌት አውርጄ እናቴ በስንት ወር እንደጨረሰችው እነግረዋለሁ። የሚከብደኝ ሌላ ነው። የቤታችን ግድግዳ ሐሺ በሚባለው የአካባቢው ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ጣሪያው በእንጨት ላይ የተመረገ አፈር ስለሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል። አምና በሐምሌ ከዋናው ነደባ በላይ ያለው እንጨት ተሰብሮ ሦስት ሌሊት ሳፋ እየቀያየርኩ አደርኩ። በቆርቆሮና በሲሚንቶ ልጠግነው ብል ቅርስ ነውና አይፈቀድም፤ ትክክል ነው፣ እኔም እንዲፈርስ አልፈልግም። በጥንቱ ዓይነት ልጠግነው ብል ደግሞ የሚሆነው እንጨትና የሚያውቀው ባለሙያ ከጡረታዬ አቅም በላይ ነው። ቅርሱ የዓለም ነው ይባላል፤ የሚያፈሰው ጣሪያ ግን የእኔ ብቻ ነው።

ስለዚህ ክፍያ ይጨመር ወይስ አይጨመር ብለህ ከመጠየቅህ በፊት፣ አሁን የሚከፈለው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሚሄድ በጽሑፍህ አስቀምጥ። የጎብኚ ገንዘብ የሚገኘው በቤታችን ውበት ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ ክፍያ የተወሰነው በቀጥታ ለጣሪያ ጥገና በሚውል ሣጥን ውስጥ ይግባ፤ ሣጥኑንም የሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር፣ አፎቻ፣ ይያዘው። በየሰፈራችን ለቅሶና ሠርግ ሲሆን ማን ምን እንዳዋጣ፣ የማን ቤት እንደተቸገረ የሚያውቀው አፎቻ ነው። የማን ጣሪያ ቀድሞ መጠገን እንዳለበት ከውጭ መጥቶ የሚያጠና ሰው አያስፈልገንም።

መዝጋት ስላልከው ግን በጥብቅ እቃወማለሁ። ቦራካይ ስትዘጋ ባሕሩ እፎይ ብሎ ይሆናል፤ በዚያ ስድስት ወር ግን ሆቴል የሚያጸዱት፣ ጀልባ የሚቀዝፉትና በየዳርቻው የሚሸጡት ሰዎች ከሥራ ወጥተዋል። ፍሳሹን ወደ ባሕር የለቀቁት እነርሱ አልነበሩም። እኛ ዘንድ በወረርሽኙና በጦርነቱ ዓመታት እንግዳ ሲጠፋ ስፌት ሠርተው የሚሸጡ ጎረቤቶቼ ምን እንደሆኑ አይቻለሁ፤ በገዛ ፈቃዳችን እንደገና ወደዚያ መግባት የለብንም።

ይልቅ እናንተ አስጎብኚዎች ነገ ልትጀምሩት የምትችሉት ነገር አለ። ለቅሶ ባለበት መንገድ ቡድን አታስገቡ። የጁምዓ ሰላት በሚደርስበት ሰዓት በመስጊዶቹ ደጅ አትሰብስቧቸው። ለፎቶው ደግሞ እንግዳው ራሱ ይጠይቅ፤ "ይቻላል?" የምትለዋን ቃል አስተምሩት፤ እኔ መልስ የምሰጠው ለእርሱ ነው እንጂ ለአስጎብኚው አይደለም።

ከዘጌ የመጣሁ (ሐረር)፦ መልስ

እንደምን አላችሁ። ትውልዴ ጣና ዳር፣ ዘጌ ነው፤ ወደ ሐረር የመጣሁት ለማስተማር ነው። የእናታችንን ሐሳብ ከልቤ እደግፋለሁ፤ በደሴቶች አጠገብ ያደገ ሰው ሊጨምረው የሚችለውን ጥቂት ልበል።

ጣና ላይ 37 ያህል ደሴቶች አሉ፤ በብዙዎቹ ላይ ገዳማት ስላሉ ጎብኚ የሚመጣው በሞተር ጀልባ ነው። እዚያ ገደብ የሚባለው ነገር ቱሪዝም ከመጣ በኋላ የተፈጠረ አይደለም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ይህ የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ ማንም የጉዞ ወኪል ሊያስቀይረው አይችልም። ጎብኚውም ቅር ቢለውም ያከብረዋል። የዘጌ ጫካም እስከ ዛሬ የቆየው በገዳሙ ትውፊት በዚያ መሬት በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለ ስለሆነ ነው፤ ሕዝቡ ቡናውን በዛፎቹ ጥላ ሥር እያለማ ኖረ፣ ጫካውም ቀረ። ስለዚህ ከፓላው ማኅተም ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ የቦታው ሰው ራሱ ያወጣው ደንብ ነው። ሐረር እንዲህ ያለው ደንብ የላትም ማለት አይቻልም፤ በጅብና በሰው መካከል ያለው ነገር ምንድን ነው? በግንቡ ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ ተትቶለታል፣ ለአሹራ ገንፎ ይቀርብለታል፤ ይህን ያወጣው የትኛውም መሥሪያ ቤት አይደለም።

ሁለተኛው ነጥቤ ግን ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም ጣና ላይ ሲታይ ብዙ ሰው ጥፋተኛ ፍለጋ ወደ ጀልባዎቹ ተመልክቶ ነበር። አረሙን ያደለበው ግን በአብዛኛው ከዙሪያው እርሻ በጎርፍ የሚገባው ማዳበሪያና አፈር፣ ከከተማም የሚለቀቀው ፍሳሽ ነው። የአጎቴ ልጆች በታንኳ ዓሣ ያወጡበት የነበረው ዳር አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ ሲሸፈን፣ ታንኳው መሐል ላይ ተይዞ መቅዘፊያው አልንቀሳቀስ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ቢመዘገብም ምዝገባው ብቻውን አረሙን አልነቀለም፤ ገበሬው በክረምት ከእርሻው ወጥቶ በእጁ ነቅሏል፣ ለዚያ ለባከነው ጊዜ ግን ከጎብኚው ገንዘብ የደረሰው ነገር የለም ለማለት ይቻላል። ደሴትን የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ ከዳርቻው ማዶ የሚደረግ ነገር ነው። ጀጎልም እንዲሁ ናት። በግንቡ ውስጥ ስንት ጎብኚ ይግባ ብላችሁ ስትመክሩ፣ ከግንቡ ውጭ የሐረማያ ዙሪያ ገበሬ ጫቱን በምን ውሃ እንደሚያጠጣ ካልተነጋገራችሁ ነገሩ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ጎብኚው ከሚከፍለው ላይ ለእርከን ሥራና ለችግኝ የሚውል ድርሻ ቢኖር ለከተማዋ ውሃ መመለስ ማለት ነው።

የደንገጎ ሹፌር (ድሬዳዋ)፦ መልስ

ባጭሩ ልናገር። ጎብኚ ከድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር የማመላልሰው እኔ ነኝ። አብዛኛው ጠዋት ያርፋል፣ ከቀትር በፊት ጀጎል ይገባል፣ ማታ የጅብ ምግባውን በመኪናዬ መብራት ያያል፣ በማግስቱ ተመልሶ ይሄዳል። የሚጠጣውን ውሃ እንኳ በካርቶን ከድሬዳዋ ጭነንለት ነው የምንወጣው፤ ባዶው ሃይላንድ ግን ጀጎል ይቀራል።

በደሴቶች ላይ የተሠራችው ቬኒስ ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኛ ትቀርባለች ብዬ አስባለሁ። በታሪካዊው ክፍሏ እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ 175,000 ሰው ይኖር ነበር፤ ዛሬ ከ50,000 በታች ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2024 በተመረጡ ቀናት አምስት ዩሮ ማስከፈል ስትጀምር ያስከፈለችው ማንን ነው? በዚያው ቀን መጥቶ የሚመለሰውን እንጂ በከተማዋ የሚያድረውን አይደለም። እኛም ለሚያድር እንግዳ ቀለል፣ አይቶ ለሚመለስ ከበድ ብናደርግ፣ ሁለት ሌሊት የሚቆይ ሰው ሃያ ሦስት ሆኖ መንገድ አይዘጋም፤ ሁለትና ሦስት ሆኖ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ካርቶኑን በተመለከተ እኔ በበኩሌ ባዶውን መልሼ ለመጫን ዝግጁ ነኝ፤ መኪናው ሲመለስ ባዶ ነው።

የጀጎል አስጎብኚ (ሐረር)፦ ለመልሶቹ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጽሑፉን ቅደም ተከተል ቀይሬዋለሁ። በመጀመሪያው ረቂቅ የጎብኚ ቁጥር በመጀመሪያው ገጽ ነበር፤ አሁን መጀመሪያ የሚመጣው ውሃና ፍሳሽ ነው፣ ቀጥሎ የጣሪያ ጥገናው ሣጥንና የአፎቻ ድርሻ፣ ከዚያም በየሰፈሩ ወደ ማረፊያ ሊለወጥ የሚችለው ቤት መጠን ነው። መዝጋት የሚለውን ሙሉ በሙሉ አውጥቼዋለሁ። የሚያድረውንና የሚመለሰውን ጎብኚ ለይቶ ስለማስከፈል የቀረበውን ሐሳብ ለማኅበሩ አቅርቤ እስካሁን ስምምነት ላይ አልደረስንም፤ አንዳንድ ባልደረቦቼ የአገር ውስጥ ጎብኚ፣ በተለይም ለዚያራ የሚመጣው ሰው፣ አብሮ እንዳይጎዳ ይፈራሉ። ለዚያራ የመጣ ሰው ከክፍያው ውጭ መሆን እንዳለበት እኔም አምናለሁ።

ከጋላፓጎስ የወሰድኩት አንድ ነገር ቢኖር 16 የሚለውን ቁጥር ነው፤ እርሱንም ለጀጎል ጠባብ መንገዶች ወደ ስምንት ዝቅ አድርጌዋለሁ። ይህ የማንንም ፈቃድ ስለማይጠይቅ ከሳምንቱ መጀመሪያ ጀምሮ ከስምንት ሰው በላይ ይዤ ወደ ውስጥ መንገዶች መግባት አቁሜያለሁ፤ ሦስት ባልደረቦቼም ተስማምተዋል። ትናንት ከስምንት እንግዶች ጋር በዚያው መንገድ ሳልፍ አንዲት ልጅ ጀሪካን ይዛ መጣች፤ እኛ ወደ አንድ ደጃፍ ገባ ብለን አሳለፍናት።

እናቴ፣ ቤትዎ ከፈላና በር በየትኛው በኩል እንደሆነ ቢነግሩኝና ቢፈቅዱልኝ፣ የሐሺ ድንጋይና የጣሪያ ሥራ የሚያውቁ አንድ አዛውንት ይዤ መጥቼ የተሰበረውን እንጨት ባሳያቸው ደስ ይለኛል። ክረምቱ ሳይገባ የሚያስፈልገውን እንጨት መጠንና ዋጋ በትክክል ካወቅን፣ በጽሑፉ ውስጥ በምሳሌነት የሚቀርበው የመጀመሪያው ጣሪያ የእርስዎ ይሆናል።